ለሙቀት መለኪያ የወጣ ሳር

ልጅ እያለሁ፣ ኮሮና የመጣ ጊዜ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሰፈራችን ሲቀላ ባጃጁ ሁሉ ጠፍቶ ረጭ አለች፤ እኛም አስፋልቱን ይዘን እስኪደክመን ሱዚ ዘለልን። የዚያ ዘመን ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የአልኮሉ፣ የበረኪናው፣ እናቴ ጠዋትና ማታ እያፈላች በግድ የምታጠጣን የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል። እኩዮቼ ያን ጊዜ ሲያነሱ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አጎቴ ማርቆስ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄ ይጠፋና ንዴቴ ይመጣል።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኦቾሎ መንደር የተወለደ ሸማኔ። ልጅ ሆኜ ክሩን በቀሰም እንዳጠነጥንለት ከጎኑ ያስቀምጠኝና እየሸመነ ተረት ይነግረኝ ነበር። አንዳንድ ዓመት ግን ሕመሙ ይነሳበታል። እንቅልፍ ያጣል፣ እኛ የማናየውን ሰው ያናግራል። በኮሮናው ዓመትም ተነስቶበት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ነበር።

ጠያቂ መግባት ስለተከለከለ እኔና አባባ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ ኩርኩፋ በሀለኮ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ድቡልቡል፣ ይዘን እየሄድን በር ላይ ለጥበቃው እንሰጣለን። በሩ ላይ እጃችንን በሳሙና ያስታጥቡናል፤ ያቺን ሽጉጥ የምትመስል ሙቀት መለኪያ ግንባራችን ላይ ይደቅኑብናል። ለማንገባው ለእኛ! ውስጥ ግን፣ አልጋ ከአልጋ በተጠጋጋበት ክፍል፣ ሳሙና የለም፤ «ይበሉታል» ተብሎ። ማስክ የለም፤ «ክሩ አደጋ ነው» ተብሎ። ሠራተኛው ደግሞ ከከተማ ይገባል፣ ወደ ከተማ ይወጣል። በሽታው በማን እግር ገባ ታዲያ? ሕሙማኑ እንደሆነ የትም አልሄዱ።

አንድ ቀን አጎቴ በሽቦ በተጋረደ መስኮት ጠራን። አጥሩ ቅርብ ስለነበር ይሰማ ነበር። ደረቱን እንደሚወጋው፣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ አጠገቡ የተኛው ጴጥሮስ የሚባል የላንቴ ሙዝ ገበሬም ገላው እንደ እሳት እንደሚፋጅ ነገረን። እያረፈ ነበር የሚያወራው። በንግግሩ ውስጥ አንድም የተዛባ ነገር አልነበረም። አባባ የክፍሉን ኃላፊ አስጠርቶ ሁለቱንም እንዲለኩለት ለመነው።

«አባት፣ እነሱ የማይሉት ነገር የለም» አለ ሰውየው፣ ከበሩ ሳይወጣ። «ባለፈው ደረቴ ውስጥ ሰው ገብቷል ብሎን ነበር።»

ለደረቱ ሕመም የሰጡት የሚያስተኛ መድኃኒት እንደሆነ በማግስቱ ከጥበቃው ሰማን። ሲያስቸግር ነበር ብለው ጨምረውለታል። «እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል» ይባላል በአገሩ፤ አጎቴ የደረቱን ሲናገር ግን የሚሰማው ጠፋ።

አባባ ከበሩ ተመልሶ ወደ ቦዩ ወረደና እርጥብ ሳር ነጨ። እኛ ጋ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ጦር ያነሳ ሰው እንኳ ባለበት ይቆማል፤ ያን ሳር አልፎ የሚሄድ የጋሞ ልጅ የለም። አባባ በጎልማሳነቱ በመሬት የተጣሉ ሰዎች ሊገዳደሉ ሲሉ መሀል ገብቶ በሳር እንዳቆማቸው ሲወራ ሰምቻለሁ። አሁን ግን ሆስፒታል በር ላይ ተንበረከከ። አለቀስኩ። ኃላፊው ከሌላ አገር የመጣ ስለነበር ነገሩ አልገባውም፤ ሽማግሌውን አንስተው በሩን እንዲዘጉ አዘዘ። ጥበቃው ንቅንቅ አላለም። ተራዋ ደርሶ ሥራ የምትገባ አንዲት የጨንቻ ነርስም ሳሩ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ይህን ሳር ተሻግሬ አልገባም» አለችው ኃላፊውን። «መጀመሪያ ልጃቸው ይለካ።»

ተለካ። ትኩሳቱ ከፍተኛ ነበር። የክፍሉ ሰው በሙሉ ሲመረመር አብዛኞቹ ተይዘው ተገኙ። አጎቴን ኦክስጅን ወዳለበት ወስደውት ተረፈ። ጴጥሮስ ግን ሲደርሱለት መሽቶበት ነበር፤ ሞተ። አጎቴ በመስኮት ስለ እሱ በነገረን ቀን ቢለኩት ምናልባት ዛሬ ሙዙን ይቆርጥ ነበር። እሱን የሚጠይቅ ዘመድ አይቼ አላውቅም፤ የሚንበረከክለትም አልነበረውም። ደም ለማብረድ የሚወጣ ሳር ለአንዲት ሙቀት መለኪያ መውጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አባት የሌለውስ ሕመምተኛ ምን ይሁን?

አሁን አባባ የለም። አጎቴ መድኃኒቱን እየወሰደ ይሸምናል። ከተማው ማስኩንም ፍርሃቱንም ረስቷል፤ ሲቀላም እንደ ድሮዋ ትንጫጫለች፤ መንገዱ ላይ ሱዚ የሚዘል ልጅም አይታይም። ያ ንቀት ግን አብሮ አልጠፋም። ባለፈው ክረምት አጎቴን ሳል ይዞት ክሊኒክ ወሰድኩት። ወጣቱ ሐኪም የሚወስደውን መድኃኒት ስም ሲሰማ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ወደ እኔ ዞረ፤ ምን እንደሚያመው፣ ያስቸግር እንደሆነም ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል አጎቴ ቀደመኝ።

«እኔን ጠይቀኝ፣ ልጄ» አለው ረጋ ብሎ። «የሚያመው የኔ ደረት ነው።»

ሐኪሙ አፈር ብሎ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መለሰ፤ ወንበሩንም ወደ አጎቴ አዞረ። አባባ ተንበርክኮ የለመናቸው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።