ለማታ ያቆየልኝ ሂስ

ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር በመጨረሻ ያደረግነው ነገር ሻይ መጠጣት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ለቡ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ። ብርጭቆውን አስቀመጠና ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ።

«ጓዲት አስካለ፣ ሂስ አለኝ።»

«ይቅረብ» አልኩት።

«የዛሬው ከበድ ይላል። ማታ ነው የማቀርበው» ብሎ ሳቀና ለሚያንጠባጥበው ቧንቧችን ጎማ ሊገዛ ወጣ። ልቡ መንገድ ላይ ከዳው፤ አልተመለሰም።

ጨዋታው ከልጅነታችን የመጣ ነው። በደርግ ጊዜ መካኒሳ ስናድግ የቀበሌው ሕፃናት ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ እንሰበሰብ ነበር። ቀይ ስካርፍ አስረን እንዘምራለን፤ ከመዝሙሩ በኋላ ሂስና ግለ ሂስ ይቀጥላል። እየተነሳን የጓደኛችንን፣ የራሳችንን፣ የቤታችንንም ጥፋት እንናገራለን። እኔና ደምሴ ከተጋባን በኋላ ቀልዱን ብቻ ይዘን ቀጠልን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ላይ አንዳችን ባንዳችን ላይ ሂስ እናቀርባለን።

ካለፈ ወዲህ ያ ሳይቀርብ የቀረው ሂስ እንቅልፍ ነሳኝ። ምን አጥፍቼ ነበር? ምን ይዞብኝ ሄደ? ደምሴን ከእኔ ቀድማ የምታውቀው ዘነበች ነች። ያኔ የሕፃናቱ ሊቀመንበር ነበረች፤ አሁን ብስራተ ገብርኤል ትኖራለች። እሷን ልጠይቅ ጥቁሬን እንደ ለበስኩ ወጣሁ።

ከለቡ ወደ መካኒሳ

ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «እማማ፣ ግቢ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ይላል። ገብቼ ባይ የኋላው ወንበር እንዳለ ባዶ ነው።

«አንድ ሰው ያልከው ይሄ ሁሉ ነው?»

«እማማ፣ አንቺ ከገባሽ ሞላ ማለት ነው» አለኝ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አልኩ።

ሃያ ብር ከፈልኩና መስኮቱን ተደገፍኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። በጅምር ሕንፃዎቹ ዙሪያ የባሕር ዛፍ እርብራብ ቆሟል፤ ሴቶች አሸዋ ይሸከማሉ። ደምሴ በዚህ መንገድ ባለፍን ቁጥር «ይሄ ሁሉ እርሻ ነበር» ሳይል አያልፍም ነበር።

መካኒሳ

ታክሲ ልቀይር ስወርድ ወደ ድሮው አዳራሽ ጎራ አልኩ፤ ቦታው ዛሬ ሴራሚክ ይሸጥበታል። በር ላይ ቆሜ ሳይ ሻጩ መጣ።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ? ለወለል ነው ለግድግዳ?»

«አይ፣ ድሮ እዚህ እዘምር ነበር።»

«ሴራሚኩ ላይ?» አለና ራሱ በራሱ ሳቀ።

እውነቱን ለመናገር ያን ስካርፍ እወደው ነበር። እናቴ በከሰል ካውያ ትተኩስልኝ ነበር። በሰልፍ ስንገባ አንድ ድምፅ፣ አንድ እርምጃ ነበርን። አብሮ መዘመርን የሚጠላ ልጅ ማን አለ? ደርጎቹም በዚያው ነው ያገኙን። የቀበሌው ካድሬ ኋላ ተቀምጦ «አብዮታዊ ልጅ ከእናት ከአባቱም ቢሆን የሰማውን አይደብቅም» ይለን ነበር። እኛም ቃሉን እንደ መዝሙሩ በዜማ ያዝነው።

ብስራተ ገብርኤል

ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ሙዝ ገዝቼ የዘነበችን በር አንኳኳሁ።

«ጓዲት! አርፍደሻል፣ ሂስ ይቀርብብሻል!» አለች። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን።

ምስር በቃሪያ በላን። የመጣሁበትን ስነግራት እጇን ሳትታጠብ ወደ እኔ ዞረች።

«አባቴ ማታ ማታ የተከለከለ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል ብዬ የተናገርኩ ቀን ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል። አጨበጨብንልሽ።»

«ብስኩት ተሸለምኩ። ሳምንት ሳይሞላ ወሰዱት። ከዓመታት በኋላ ከእስር ተመልሶ እንኳ ሬዲዮ ሲከፈት ተነስቶ ይወጣ ነበር።» ውሃ ጠጣች። «እሱ በተወሰደ ሰሞን ደምሴ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀኝ። ‹የቤት ነገር አታንሺ። የምትዪው ከጠፋሽ እኔን ተቺ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም የሚናገረው ቀላል ጥፋት ያድል ነበር። ለአንዱ ጥፍር አለመቁረጥ፣ ለአንዱ ሰልፍ መጋፋት።»

«እኔንስ ማስቲካ ታንጣጣለች ብሎ ያዋረደኝ?»

«እናትሽ ካድሬውን ስትረግም ሰምተሽ ልትናገሪ ነበር እኮ! ለእኔ ሹክ አልሽኝ፣ እኔ ለእሱ ነገርኩት። እጅሽን ልታነሺ ስትዪ ቀድሞሽ ተነሳ።»

እውነት ነው፣ ላነሳ ነበር፤ በንዴት የእናቴን ነገር ተውኩት። ያን ክረምት በሙሉ ደምሴን አኩርፌው ከረምኩ። እናቴ ግን ማታ ማታ ቤቷ ነበረች።

«ታዲያ የመጨረሻው ሂስ ምን ነበር?» አልኳት።

«ስኳር ማብዛትሽ ነዋ! ሻይሽን እኮ ጠጥቼዋለሁ፣ ሽሮፕ ነው። ደምሴ በሰው ላይ የምር ጥፋት ሲያነሳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማሁም። እናቱን አስከፍቼ ወራት በተኳረፍንበት ጊዜ እንኳ ያቀረበብኝ ሂስ ስለ መጋረጃው ቀለም ነበር።

ወደ ቤት

ስመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር፤ አንዲት ተማሪ ተነስታ አስቀመጠችኝ። ቤቴን ከፍቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ስኳር ይሁን ሌላ ነገር፣ ያን ሂስ መቼም አላውቀውም። ደርጎቹ እኛን ልጆቹን ወደየቤታችን መግቢያ በር አድርገውን ነበር፤ እሱ ግን በልጅነቱ በሩን ዘጋልን፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን እንደ ጨዋታ ጠበቀው። ምን አጥፍቼ ይሆን የሚለው ፍርሃቴም ቀለለኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘነበች እኔ ቤት ትመጣለች። ሻይ አፈላለሁ። ስኳሩን እንደ ልማዴ አበዛዋለሁ፤ እሷም ሂስ ታቀርብብኛለች።