የባላቸው አባት ስም

እማማ ገነቴ ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የባላቸውን አባት ስም በአፋቸው አላነሡም። የሀዲያ ወግ ነው፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እማማ ገነቴ ደግሞ የያዙትን አይለቁም። ቀበሌ ሄደው የባል ሙሉ ስም ሲጠየቁ መታወቂያውን አውጥተው በጣታቸው ያሳያሉ። የጎረቤታቸውን ልጅ እንኳ፣ የአማታቸው ሞክሼ ሆኖ ስለተገኘ፣ «አንተ የላይ ቤቱ» እያሉ አሳድገውታል። እኛ ምራት አይደለንምና እንናገረው፤ ሰውየው አቶ አኑሎ ይባሉ ነበር።

አቶ አኑሎ በወጣትነታቸው፣ ፈረንጅ ሚስዮናውያን በበቅሎ ሀቢቾ ድረስ ሲመጡ፣ ከፊት ከፊት እየሄዱ ስብከቱን ወደ ሀዲይኛ የመለሱ ሰው ናቸው። ጣሊያን ሲገባ ፈረንጆቹ አገር ለቀው ወጡ፤ እሳቸው ታሰሩ፣ ተገረፉም። ገነቴ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተድራ ስትመጣ ጠባሳው ከጀርባቸው አልጠፋም ነበር። ሙሽሪት ፊደል እንደማትለይ ሲያውቁ «የኔ ምራት የራሷን ደብዳቤ ለሰው አታስነብብም» ብለው እንሰቱ ጥላ ሥር አስቀመጧት፤ በከሰል ጣውላ ላይ እየጻፉ አስተማሯት። ስትሳሳት አይቆጡም፤ ሳል ሳል ይሉና ይጠብቃሉ። ያን ሳል እማማ ገነቴ ዛሬም ይናፍቁታል። ባላቸውን ይወዱ ነበር፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ የባላቸውን አባት የሚያህል ሰው ከዚያ ወዲህ አላዩም።

ዘንድሮ ስለዚያ ዘመን ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። የልጅ ልጃቸው ሊዲያ ሆሳዕና ከተማ አስተማሪ ናትና ዳይሬክተሩን ይበልጣልን ቤት ድረስ አመጣችው። ድርሰቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ፈረንጆቹ ሁሉ ስም አላቸው፤ በቅሏቸው እንኳ ሳትቀር ስም ወጥቶላታል። አቶ አኑሎ ግን ከዳር እስከ ዳር «አስተርጓሚው» ናቸው።

«ይሄን ሰው እናቱ ስም አላወጣችለትም?» አሉ እማማ ገነቴ።

ይበልጣል አፈረ፤ ደግ ልጅ ነው። ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ወታደሮች አስረው ሲወስዱት እናቱ በስሙ ትጥራው። እናቱን ደግሞ እርስዎ ይሁኑልን፤ ከኛ ተዋንያን የአገሩ ድምፅ ያለው የለም። እርስዎ ካልሆኑ ግን ነገሩ ይቀራል» አለ።

እማማ ገነቴ በገዛ አፋቸው ታሰሩ።

«እማማ፣ ይቅርብሽ» አለች ሊዲያ ጭንቀታቸው ገብቷት።

«እኔ ብተወው እሳቸውን ማን ሊያውቃቸው ነው? እኔም ነገ ሟች ነኝ።»

ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላቸው። ፓስተሩን ቢያማክሩ «ኃጢአት የለበትም» አላቸው። ኃጢአቱን መች ጠየቁ? ነውሩ ነው እንጂ የጨነቃቸው።

ቀኑ ደርሶ ሀቢቾ ዳር ሜዳው ላይ ቆሙ። አቶ አኑሎን የሚጫወተው ወጣት እጁን የፊጥኝ ታስሮ ይሄዳል። እማማ ገነቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። ሁለተኛም አቃታቸው። በሦስተኛው «አኑሎ!» አሉና ወዲያው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በሀዲይኛ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» እያሉ አለቀሱ።

«ግሩም ነበር፤ ግን ባጃጅ አለፈብን። እንደገና» አለ ይበልጣል።

እንደገና ጠሩ። ደመና ገባ፤ እንደገና። አህያ አናፋ፤ እንደገና። የስልሳ ሁለት ዓመቱ ስም በአንድ ከሰዓት ሰባት ጊዜ ወጣ። በሰባተኛው ነጠላውም ይቅርታውም ተረሳ፤ ድምፃቸው ሜዳውን ተሻገረ።

«ተገኘ! በቃ!» አለ ይበልጣል፤ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ተዋናዩም ገመዱን አስፈትቶ እየሳቀ ሊያቅፋቸው መጣ።

እማማ ገነቴ እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙ። የሚመልስላቸው ሰው ካለ እንዳያመልጣቸው፣ ጆሯቸውን ወደ ሜዳው ሰጥተው ቆሙ።