አልጋ ይዘው ወደ ደሴት

ልጅ እያለሁ አሰላ ውስጥ ስለ ደሴት ኑሮ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሷም እናቴ ነበረች። ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በአንዷ ላይ ተወልዳ፣ ለአሰላ ጸሐፊ ተድራ፣ የጭላሎን ብርድ ለምዳ የቀረች የዛይ ልጅ ነበረች። የአባቴ ዘመዶች «ዓሣ በሊታ» እያሉ ከጀርባዋ ያሟት ነበር። ከጀርባዋ ያልኩት ለጨዋነት ነው እንጂ ፊት ለፊቷም ብለውታል። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ሆቴል ቁጭ ብለው ዓሣ ጉላሽ ሲያዙ ሳይ ሳቄ ይመጣል፤ ደግ ሳቅ ግን አይደለም።

እናቴ ከተዳረች ወዲህ አገሯን አልረገጠችም። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ቀኑ ጠራ ካለ ሐይቁ ከከተማው ዳር ቁልቁል ሲያብለጨልጭ ይታይ ነበር። አባቴ ዓሣ ከሚበሉ አማቶቹ ጋር መታየት ስለሚያፍር ዛሬ ነገ እያለ ያቆያት ነበር። አንድ ጥር ላይ፣ የገብስ አውድማ ሽታ ከተማውን ሞልቶት፣ እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት፣ ገበያ የወጣ አንድ የአገሯ ሰው መልእክት አመጣላት። የእናቷ ዓይን እየደከመ ነው፤ የልጅ ልጇን መልክ ሳታይ እንዳትታወር ፈርታለች። የልጅ ልጇ እኔ ነኝ፤ ሌላ አልነበራትም። እናቴ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። አባቴ ሲነገረው እንደ ልማዱ «እናያለን» አላት።

መንገዱን የከፈቱልን፣ ሳያስቡት፣ የአባቴ አለቃ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። «እሳቸው» የምለው አስተዳደጌ ሆኖብኝ ነው። ወይዘሮ አስካለ አዲስ አበባ ያለች የእህታቸው ልጅ ምጽዋ ወርዳ «የባሕር አየር» ተቀብላ መምጣቷን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው ነበር። የባሕር አየር ምን እንደሚያደርግ አያውቁም፤ የሚያውቁት እሷ አግኝታ እሳቸው እንዳላገኙ ነው። አባቴ አለቃውን ደስ ያሰኘ መስሎት «የባለቤቴ አገርኮ ደሴት ነው፤ ሙቀቱም ውሃውም እዚያው አለ» ብሎ ከአፉ አመለጠው። በሳምንቱ እናቴ ለመንገድ መሪነትና ለአስተርጓሚነት ተጠራች። እኔንም ይዛኝ እንድትሄድ ለመነች፤ ወይዘሮዋም እሺ አሉ።

ለምክር ስትጠራ ቀሚሷን ይዤ አብሬያት ሄጄ ነበር። ወይዘሮ አስካለ መከዳቸውን ተደግፈው ለደሴት ምን ምን እንደሚያዝ ጠየቋት። እናቴ ብዙም አላሰበችም።

«ሳሳ ያለ ልብስና ጃንጥላ ይበቃዎታል እሜቴ። ሌላው እዚያው አለ። ለሰዎቹ ጨው ቢይዙላቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል።»

ወይዘሮዋ ገረዶቻቸውን አየት አድርገው ሳቁ። «እናንተማ ምን ቸገራችሁ! የትም ታድራላችሁ» አሉና ያሰቡትን ማስጫን ጀመሩ።

ምን ያላስጫኑት ነገር አለ? የሽቦ አልጋ ከነፍራሹ። ለነፋሱ በርኖስ፣ ለበርኖሱ ሳጥን። እጀታው እየዞረ የሚያላዝን ግራሞፎን፣ አንድ ዳሚጃን ጠጅ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ፖፖ። ማሰሮ ሙሉ ለጋ ቅቤም ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃው ነው። የቆላ ውሃ ወባ ያመጣል ብለው ከጭላሎ ሥር ምንጭ አስቀድተው ትልልቅ እንስራዎች አስሞሉ። እስኪ አስቡት፣ ሐይቅ መሐል ሄዶ ለመቀመጥ ከተራራ ውሃ ተሸክሞ መውረድ! ከከተማው አዋቂ አንድ ሰው እንኳ ምነው አላላቸውም፤ እንዲያውም የጎረቤት ወይዛዝርት እየመጡ አርቆ አሳቢነታቸውን አደነቁላቸው። የእኛ ከተማ ትልልቅ ሰዎች እንደዚህ ነበሩ። እናቴ የያዘችው እኔንና አንድ ቋጠሮ ጨው ነው።

ዕቃው በዛና ከኢተያ የእህል መኪና ተለምኖ መጣ። አለቃው እሑድ ሊከተሉ ቀሩ። ወይዘሮ አስካለ ጋቢና ገቡ፤ አባቴ ባርኔጣውን እንደደፋ፣ እናቴ፣ እኔና አንዲት ገረድ ከኋላ ከጭነቱ ላይ ወጣን። ያ መኪና የስንዴ አቧራና የናፍጣ ሽታ ነበረው፤ ዛሬም ወፍጮ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ያ ሽታ ይመጣብኛል። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ ይበዛል። እኔ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ካልሲዬን። እናቴ ፀጉሯን ፈታ አድርጋ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠችው፤ አሰላ ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ቅቤው ግን አሰላ ላይ በቢላዋ የሚቆረጥ ቅቤ ስለነበር ማሰሮውን በጨርቅ ብቻ ነው የከደኑት። ደጋ ተወልዶ ደጋ ያረጀ ሰው ቅቤ በራሱ ጊዜ ይቀልጣል ብሎ አያስብም። ግማሹ ፈስሶ ፍራሹን አጠጣው።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከብት የሚያጠጡ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ጭነቱ ሲራገፍ ቆመው አዩ። አባቴን ጠጋ ብለው በኦሮምኛ «ጎዳንሳ?» አሉት፤ ቤት ለቃችሁ መሰደዳችሁ ነው ወይ ማለታቸው ነው። አባቴ አፍሮ ለመዝናናት ነው አላቸው። ሽማግሌው አልጋውን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ወደ ከብቶቻቸው ተመለሱ።

ታንኳ ይዞ የጠበቀን የእናቴ የአጎት ልጅ ገብሬ ነበር። ታንኳው ከቀላል እንጨት የታሰረ ጠባብ ነገር ነው። ገብሬ ዕቃውን እያየ ፊቱ ጠቆረ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በዚያ ቀን መሻገር የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። መኪናውም ባለቤቱ ስለሚፈልገው ያኔውኑ መመለስ ነበረበት። ገብሬ የወይዘሮዋን ትእዛዝ ተቀብሎ አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ሳጥኑን፣ ውሃውን ደረደረ። ታንኳው አፉ ድረስ ሰጠመ። አሁን ከሰው ይቀነስ አለ።

ወይዘሮ አስካለ ዙሪያውን ቃኙ። ከአልጋው ምንም አልተቀነሰም፣ ከውሃውም። ጣታቸው እኔ ላይ አረፈ።

«ልጅቷ ከገረዲቱ ጋር በመኪናው ትመለስ። ለልጅ ጥበቃ አልመጣንም።»

አያቴን አላውቃትም፤ ግን በመንገዱ ሁሉ እናቴ ስለ እሷ ስትነግረኝ ነበር የመጣችው። አባቴን አየሁት፤ አባቴ ጫማውን አየ። እናቴ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ውሃው ውስጥ ገባችና ለገብሬ በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ተናገረች። ገብሬ አንዴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አልጋውን አንስቶ አሸዋው ላይ አስቀመጠው። ፍራሹን አስከተለ፣ ሳጥኑን፣ ግራሞፎኑን፣ እንስራዎቹን።

«ምን ያደርጋል ይሄ? ምን አልሽው አንቺ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«ለእርስዎማ ቦታ አለ እሜቴ» አለች እናቴ፣ ድምጿ ሳይናወጥ። «ይምጡ፣ ደግፌ ላስቀምጥዎት። ቦታ የሌለው ለአልጋው ነው።»

አባቴ እጇን ይዞ በሹክሹክታ «ተይ እባክሽ፣ እንጀራዬን ልትዘጊው ነው» አላት። እናቴ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «አንተ እናያለን አልከኝ። እኔ ዛሬ አየሁ» አለችውና ብብቴን ይዛ ታንኳው ላይ አወጣችኝ። ወይዘሮዋ ከዕቃዬ አልለይም አሉ። ስንርቅ ዞር ብዬ አየኋቸው፤ መኪናው ከነገረዲቱ ሄዷል፤ እሳቸው ሐይቅ ዳር፣ ቅቤ በጠጣ ፍራሽ ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። የባሕር አየር ይሏችኋል እሱ ነው።

አያቴ በሯ ላይ ነበረች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝና አፍንጫችን እስኪነካካ ቀርባ ረጅም ጊዜ አየችኝ። እጇ የሐይቅ ሣርና የጭስ ሽታ ነበረው። በቋንቋዋ አንድ ነገር ስትል እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። «‹ግንባሯ የአባቴ ነው፣ አየሁት› ትላለች» አለችኝ። በዚያ ሰንበትን፤ ቁርበት ላይ ተኛሁ፣ ሐይቁን ጠጣሁ፣ ዓሣ እስክጠግብ በላሁ፣ ወባም አልያዘኝም። አያቴ ክረምቱን አላለፈችውም። አባቴ ከዚያ ወዲያ ወደ አቦምሳ ተዛወረ፤ ለሰው እድገት ነው ብለን አወራን። ስሙ እንጂ እድገቱ አልነበረም፤ ሆኖም እናቴ በዚያ ነገር ስትጸጸት አንድም ቀን አልሰማኋትም።

ያ ዘመን አለፈ፤ ዛሬ ሐይቁ የሞተር ጀልባ አለው። ባለፈው ዓመት ልጄ የአያቴን መቃብር ሊያሳየኝ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ይዞኝ ወረደ። ስለ ጉዞ ዕቃ አልነግራችሁም፤ የበረዶ ሳጥን፣ ተጣጣፊ ወንበር፣ መንደር የሚቀሰቅስ ድምፅ ማጉያ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚነፋ ፕላስቲክ ዳክዬ። ለአንድ ቀን ነው ይሄ ሁሉ! በሆዴ እየታዘብኳቸው ጀልባው ሞላ፤ ነጂውም ከዚህ በላይ አልጭንም አለ። ልጄ ዕቃውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እማዬ፣ አንቺ እዚህ ጥላው ሥር አረፍ በይ፤ ፀሐዩ ይከብድሻል። በሚቀጥለው ዙር መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ከወንበሮቹም አንዱን ተወልኝ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሳ፤ ሌላ ዙር አልነበረም። ማታ በፀሐይ ተቃጥለው፣ እየሳቁ ተመለሱና የደሴቱን ፎቶ በስልክ አሳዩኝ። ጥሩ ነው አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፣ ሆዴም ባብቶ ነበር፤ ልጄ እንዳይከፋው ብዬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እናቴ ብትኖር ያን ጀልባ ታስራግፍልኝ ነበር።