ከደቻቱ ማዶ ያለው ሐልዋ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ ከዚራ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ባቡር ጣቢያ ተቀጥረው፣ እዚያው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። “እግር ያልደከመበትን ሆድ አይብላ” ይሉ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ኡመር ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ አብዝተው ይወዳሉ። እየወፈሩ ሄደው ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። አጎቴ አልመከሯቸውም፤ የሰፈሩን ባለሱቅ ለምነው ሐልዋ እንዳይሸጥላቸው አደረጉ። ጋሽ ኡመር ከዚያ በኋላ ሐልዋ ሲያምራቸው ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው መጋላ ገበያ መሄድ ግድ ሆነባቸው። አጎቴም በየጠዋቱ አብረዋቸው ይሄዱ ነበር። ጭቅጭቃቸው ከወንዙ አሸዋ እስከ ሰፈራችን ይሰማ ነበር።

“አቦ፣ አንተ ሽማግሌ! ሐልዋ ባልኩ አሸዋ አበላኸኝ!”

“ብላ ኡመሬ፣ አሸዋ አያወፍርም።”

ስድቡ ሳይቀንስ የጋሽ ኡመር ትንፋሽ ተመለሰ፤ ደረጃውን እየቀለዱ ይወጡት ጀመር።

በአጎቴ ሠልስት ጠዋት ባለሱቁ ሐልዋውን አውጥቶ ጋሽ ኡመርን ጠራቸው።

“ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሚከለክለኝ ሰው የለም። ከዚሁ ይውሰዱ።”

ጋሽ ኡመር ሐልዋውን ትንሽ አዩት። ባለሱቁን አመሰገኑና ብቻቸውን ደቻቱን ወደ መጋላ ተሻገሩ።