ከኋላዬ ያለው ሰው

ደብዳቤውን ያገኙት ከታኬታ ጫማዬ ውስጥ ነው። ከሰቆጣ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሳለ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙን። ሻንጣዬን ከፍተው የግራውን ጫማ ሲያራግፉት የታጠፈው ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ። አስር አለቃው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና ከታች የተደረደሩትን የአውራ ጣት አሻራዎች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ውረድ» አለኝ። ወረድኩ።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ክለብ መሐል ሜዳ እጫወት ነበር። ስሜ በሬዲዮ ይጠራል፤ ይህም ትንሽ አኩርቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። የተወለድኩት ግን ከሰቆጣ የሁለት ቀን የእግር መንገድ በምትርቀው ዝቋላ ነው። ከክለቡ ፈቃድ ወስጄ አገሬ ስገባ ማሽላው በቁሙ ደርቆ፣ ፍየሎቹ አልቀው አገኘሁ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ደብዳቤ ሰጡኝ። ሰው እየሞተብን ነው፣ እህል ላኩልን ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ቀደም ሲል አንድ ጎረቤታቸውን እንዲህ ያለ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ሰቆጣ ልከው፣ እዚያው ታስሮ ቀርቶባቸዋል። «አንተ ዋንጫ ስትቀበል የትልልቆቹን እጅ ትጨብጣለህ። ያኔ ትሰጥልናለህ» አሉኝ። ሞኝነታቸው አሳዘነኝ፤ እሺ ያልኩት እኔ ግን ከነሱ አልሻልም ነበር።

ያሰሩኝ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ነው። ከጣሪያው ሥር እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ከእሷ በቀር ብርሃን የሚባል የለም። በቀትር የገባ ሰው እንኳ የራሱን እጅ ለማየት ትንሽ መጠበቅ አለበት። በሩ ሲዘጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ባዶ ወደመሰለኝ ጥግ ሄጄ ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

«እዚያ አይደለም» አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። የአገራችን ቋንቋ ኽምጣንኛ የአፍ መፍቻው እንደሆነ አነጋገሩ ያስታውቃል። «የሰው ቦታ ነው።»

«የማን ነው አባባ?»

«የሰው ነው አልኩህ። ና፣ ወደኔ ጠጋ በል።»

አምስት ነበሩ፤ ከኔ ጋር ስድስት ሆንን። ክፍሉ ለአራት ሰው አይበቃም። ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ስንቀመጥ ያ ጥግ ግን የአንድ ሰው ያህል ባዶውን ይቀራል። እዚያ ሦስት የጨርቅ ቋጠሮዎች ተደርድረዋል፤ የማሽላ ቆሎ መሆኑን ሽታው ይናገራል። እኛ በቀን አንዴ እፍኝ የማይሞላ ነገር ነበር የምንበላው፤ ያን ቆሎ ግን የሚነካው ሰው የለም። አይጥ እንኳ አልነካውም፤ አይጥ ደግሞ ሞልቶን ነበር።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። የመሐል ሜዳ ተጫዋች ዐይኑ ፊት ለፊት ነው፤ ሥራው ግን ከኋላው ነው። ኳሷ ሳትደርሰው ከኋላው ማን እንዳለ፣ ስንት እርምጃ እንደሚርቀው፣ የኛ ይሁን የነሱ፣ ሳይዞር ማወቅ አለበት። ዐሥር ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ይሳሳት ይሆናል፣ ጀርባዬ ግን አይሳሳትም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጀርባዬን ለጥጉ ሰጥቼ ተቀምጬ ሳለ ከኋላዬ ሰው እንዳለ ዐወቅሁ። ዞርኩ። ማንም የለም። ፊቴን መለስኩ፤ አለ። ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ቆጠርኩ፤ አምስቱም ከፊቴ ናቸው። ፈራሁ። ራብ ያመጣው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በአራተኛው ቀን ሹሙ አስጠራኝ። ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣ፣ የተተኮሰ ኮት የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። የኳስ ወዳጅ ኖሯል።

«አንተን የመሰለ ተጫዋች እዚህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ለዋንጫው ጨዋታ ዐሥር ቀን ነው የቀረው» አለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረገ። በክፍሉ ውስጥ ከኔ ጋር ሰባት እስረኞች ነበርን፤ ሰባተኛው፣ የዝቋላው ገበሬ፣ ትናንት በር ሲከፈት ዘበኛውን ገፍትሮ አምልጧል፤ ይህንንም በዐይኔ አይቻለሁ ይላል ወረቀቱ።

«እኛ ግን ስድስት ነን ጌታዬ።»

«ሰባት ነበራችሁ» አለና ፈገግ አለ። «ስለሱ ከበላይ ጥያቄ መጥቷል። ያንተ ፊርማ ደግሞ ይታመናል። ፈርም፤ ደብዳቤው ይረሳል። ነገ መኪና አለ።»

ጀርባዬን በረደኝ። ያስፈራኝ ውሸቱ አልነበረም። ሰባተኛ ሰው እንዳለ ከሹሙ በፊት እኔ ዐውቅ ነበር። እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ተመለስኩ፤ ልቤ ግን ለመፈረም ቆርጧል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በኋላ ለመሐል ሜዳ ተጫዋች ስንት ዓመት ይቀረዋል?

ክፍል ገብቼ ሌሎቹን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። ከካልሲዬና ከቡትቶ የሠራኋት ትንሽ ኳስ ነበረችኝ፤ እሷን አወጣሁ። ቀትር ነው፤ ከቀዳዳዋ የገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ሳህን ያህላል። ቆሜ ኳሷን በእግሬ እያንከባለልኩ ሳስብ፣ ያ ሰው ከኋላዬ መጣ። እግሬ ከኔ ቀደመ። ሜዳ ላይ እንደማደርገው ሳልዞር በተረከዜ ወደ ጥጉ ሰጠሁት።

ኳሷ ተመለሰች።

የጨርቅ ኳስ ግድግዳ መትታ አትነጥርም፤ በደረሰችበት ወድቃ ትቀራለች። ይቺ ግን ቀስ ብላ ተንከባልላ መጣችና ተረከዜን ነክታ ቆመች።

«ሰጠኸው፤ መለሰልህ» አሉኝ ሽማግሌው።

ኳሷን አንስቼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነገሩኝ። ሰውየው ያ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ይዞ የመጣው ገበሬ ነው። እኔ ከመግባቴ ሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ጥግ ላይ ሞተ። በጠራራ ፀሐይ በጆንያ ሸፍነው አወጡት፤ ቄስ አልፈታውም፣ የት እንደተቀበረም የሚያውቅ የለም። ሚስቱ ከዝቋላ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ በየገበያው ቀን ቋጠሮ ታመጣለች። ዘበኛው ይቀበላትና ለኛ አስገብቶ፣ «ደርሶታል፤ ስላመመው ነው ያልወጣው» ይላታል።

«የእሱን ስንቅ እኛ እንዴት እንበላዋለን? እሷ እኮ ለእሱ ብላ ነው ያመጣችው» አሉኝ ሽማግሌው። «አሁን ደግሞ አመለጠ ሊሉ ነው አሉ። አመለጠ ካሉማ እድሜ ልኳን መንገድ መንገድ ስታይ መኖሯ ነው። ማን ያልቅስለት?»

ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንደመጣ አልነገርኳቸውም። ማወቃቸውን ግን ዐወቅሁ፤ ማንም አልለመነኝም፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ይህ ነው ያሳፈረኝ።

«ገበያው መቼ ነው?» አልኩ።

«ነገ ነው።»

በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ እንድንሞቅ ግቢ ያወጡናል። ከአጥሩ ማዶ የቆመ ሰው ያየናል፤ መነጋገር ግን ክልክል ነው።

«ሁላችሁም ጋቢ አላችሁ አይደል? ነገ አዘቅዝቃችሁ ልበሱት፣ እንደ ሐዘንተኛ» አልኳቸው።

ሽማግሌው፣ «መኪናውስ ልጄ?» አሉኝ።

በማግሥቱ ሹሙ ወረቀቱንና ብዕሩን ይዞ ግቢው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። አምስቱ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። እኔ ጋቢ ስላልነበረኝ ከኮቴ ሥር የነበረችውን የክለቤን ማሊያ ገልብጬ ለበስኳት፤ ኮቱን ክፍሉ ውስጥ ተውኩት። ቁጥሬ ወደ ውስጥ ዞረ። በመደዳ ስንቆም ከመሐላችን የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ተውን።

ሴትዮዋ ከአጥሩ ማዶ ቋጠሮዋን ይዛ ቆማለች። በጣም ከስታለች። አንድ በአንድ አየችንና ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ዐይኗ ቆመ። ቋጠሮውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ መልሳ ለበሰች። ከዚያ ጮኸች። ወደ ገበያው ያልፉ የነበሩ ሴቶች ሸክማቸውን እያወረዱ ለቅሶዋን ተቀበሏት።

ሹሙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዐይኔን አላየኝም። «ማሊያህን አስተካክል» አለኝ።

«ተስተካክሏል ጌታዬ» አልኩት።

ክፍላችን ስንመለስ ሽማግሌው ሦስቱን ቋጠሮዎች ፈቱ። «ነፍስ ይማር» አሉና ቆሎውን ለስድስት አካፈሉን። ተዝካሩ ያ ነው። እኔ ጀርባዬን ለጥጉ ሰጥቼ ብዙ ጠበቅኩ፤ ከኋላዬ ማንም አልነበረም። አለቀስኩ፤ ለእሱ ይሁን ለራሴ እስካሁን አላውቅም።

የወጣሁት መንግሥት ሲለወጥ ነው። ክለቤ መልሶ ተቀበለኝ፤ ሁለት ወርም ተለማመድኩ። ጉልበቴ ደህና ነበር። ከኋላዬ ማን እንዳለ ግን አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ እየመጡ ኳስ ከእግሬ ሥር ይወስዱብኝ ጀመር። አሠልጣኙም ምን ነካህ አለኝ። ጫማዬን ሰቀልኩ። ይቆጭሃል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ አዎ ይቆጨኛል።

አሁን አርጅቻለሁ። ያቺ የጨርቅ ኳስ ግን አለችኝ። ቤት ሰው በሌለበት ቀን ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ እቆምና ሳልዞር በተረከዜ ወደ ኋላ እሰጣታለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ተመስገን እልና ሄጄ አነሳታለሁ።