የተቃጠለ ዘይትና የበርበሬ ወፍጮ

የተቃጠለ ዘይት አጥልሎ በናፍታ ምትክ ማሠራት ማንም አላስተማረኝም። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሞተርን ግን ከነሕመሙ በድምፁ አውቀዋለሁ። መሳለሚያ ካሉት ጋራዦች ዘይት ሲቀየር የሚወጣውን ጥቁሩን እሰበስባለሁ። በርሜል ውስጥ አርባ ቀን ሳልነካው ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን ቀድቼ አሞቅና በአራት እጥፍ አቡጀዲ አጠልላለሁ። ከዚያ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ከተንጣጣ ውሃ አለበት፤ ዝም ካለ ደርሷል። በሰፈሩ እንደኔ የሚያጠልል የለም፤ እናውቃለን የሚሉትም ከእኔ አይተው ነው።

ይህ ዘይት አንድ ጠባይ አለው። ሞተሩ በንጹሕ ናፍታ ተነሥቶ ሲሞቅ ነው የሚሰጠው፤ ከመጥፋቱ በፊትም ለጥቂት ደቂቃ ወደ ናፍታ ይመለሳል። አለዚያ በብርድ ይረጋና ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎች ይደፍናል። ይህን ለማንም አልናገርም ነበር። ሞያ በልብ ነው፤ ሞተር ማስነሣትና ማጥፋት የፈለገ እኔን ይጠራል።

ጎጃም በረንዳ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የበርበሬ ወፍጮ አላት። መብራት ሲጠፋ በአሮጌ የናፍታ ሞተር ነው የምትፈጨው። ማደያው በጀሪካን ከጥቂት ሊትር በላይ አልቀዳም ስላላት የእኔን ዘይት ያዘች። በሕማማት ሰኞ መብራት ሄደና ሞተሩን አስነሥቼ ማታ አጠፋሁላት። ማክሰኞ አስነሥቼላት አብነት ሰፈር ሌላ ሥራ ላይ አመሸሁ።

ረቡዕ ጠዋት ስደርስ ደንበኞቿ በርበሬያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

“ጋሼ፣ አልነሣ አለኝ” አለች።

“ትናንት ማን አጠፋው?”

“እኔ ነኛ። ብጠብቅ ብጠብቅ ቀሩ።”

“ለሽሮ ወጥ ያጠለሉትን ዘይት ይሆናላ የሰጧት” አለች አንዷ ደንበኛ። ሳቁ። ሌላዋ ከረጢቷን አንሥታ ወደ ሌላ ወፍጮ ልትሄድ ተነሣች።

ባለወፍጮዋ ጠጋ አለችኝ። “ዛሬ ከሄዱ ለሌላው በዓልም አይመለሱልኝም። ምን አጥፍቼ ነው?”

ሞተርሽ አርጅቷል ልላት እችል ነበር፤ ለሌሎች ብያለሁ። ግን እንዲህ አንድ ጊዜ ደግማ ብታጠፋው ነዳጁን የሚገፋው ፖምፓም ይበላሻል፤ መለዋወጫው ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ኖዝሎቹን ፈትቼ በናፍታ እያጠብኩ ሁሉንም ነገርኳት።

“ይህን ሰኞ ያውቁት ነበር?”

“አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ” አልኳት።

ከመቀነቷ ጨርቅ ቀድዳ የናፍታውን መክፈቻ በእሱ አሰረች፣ ከዘይቱ መክፈቻ እንድትለየው። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ልትሄድ የነበረችውም ከረጢቷን አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ጠርታኝ አታውቅም። ዘይቱን ትወስዳለች፣ የቀረውን ራሷ ትሠራለች። መብራት በጠፋ ቀን ማታ በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። ከመጥፋቱ በፊት የሞተሩ ድምፅ ቀለል ይላል፤ ወደ ናፍታ መለሰችው ማለት ነው። እስካሁን ሳትመልሰው ስታጠፋ አልሰማሁም። ማን እንዳስተማራት ለደንበኞቿ አትናገርም፤ እኔ ግን እናገራለሁ።