በባሕሩ ዳር ሩጫ የእኛ ጥግ

ዛሬ ወደ ማታ አንድ የጭነት መኪና ከምሠራበት ካፌ ፊት ለፊት ቆሞ የብረት አጥሮቹን ማራገፍ ጀመረ። ብረቱ አስፋልቱን ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ዞር ብዬ ሳላይ አውቀዋለሁ። የዓመቱ ሩጫ ደረሰ ማለት ነው። ገና አዲስ የሆነው አለቃዬ ስንት ካርቶን ወተት እንደሚያዝ ሲጠይቀኝ «ጨምር፣ ነገ የእኛ አገር ሴቶች ይመጣሉ» አልኩት። ለምን እንደሚመጡ አያውቅም። እኔም ለማስረዳት አፈርኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁን ግን ልጻፈው።

ስለዚህ ሩጫ ሲወራ የሚነሡት ከፊት የሚገቡት ናቸው። ይገባቸዋል። ከእነሱ መካከል የአገሬን ልጅ ባየሁ ቁጥር የያዝኩት ትሪ ይቀልለኛል። ከካፌያችን አጠገብ ያለችው መታጠፊያም ግን የራሷ ታሪክ አላት፤ የእሷ ታሪክ የጀመረው ከኋላ ነው።

ኩዌት በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነበር። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ፣ እዚህ ሻርቅ በሚባለው ሰፈር በፎቆቹ ሥር ለቢሮ ሠራተኞች ከረክ፣ ማለትም ወተትና ሄል የገባበት ሻይ፣ አመላልሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፄ አይወጣም። ሰርግ ላይ ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ አፌን በነጠላ ሸፍኜ ያልኩ እመስል ነበር።

ዘነበች ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ናት። የደሴ ልጅ ናት፤ ባያን በሚባል ሰፈር በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የምታርፈው በወር አንድ ጁምዓ፣ የአገሩ የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ፣ ብቻ ስለነበር የምንገናኘው ከቅዳሴ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ነው። አንድ ጁምዓ እየሳቀችም እየፈራችም መጣች።

«ምሁሯ፣ ጉዴ ፈላ። ልሮጥ ነው።»

«ከቤት ልትጠፊ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ምን እጠፋለሁ! በአደባባይ ነዋ፣ ደረቴ ላይ ቁጥር ተለጥፎ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳሟ እንግዶች ጠርታ ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሩጫ ታሸንፋለች። ማዳም ሞቅ ብሏት «ሐበሻ ሁሉ ሯጭ ነው፤ የእኔዋን ዘነበችን አሥር ኪሎ ሜትሩን አስመዘግባታለሁ። ከጨረሰች በየሳምንቱ ጁምዓ ዕረፍቷ ነው» ትላለች። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ።

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ሐድር አልኳታ! ምን እላለሁ?» አለች። እዚህ አገር «እሺ፣ ታዘዝኩ» የሚባለው እንዲህ ነው። «በየሳምንቱ ጁምዓ እኮ ነው ሰላሜ! አስቀድሼ፣ ከወገን ጋር ምሳ በልቼ፣ እንደ ሰው ባሕር አይቼ የምመለስበት።»

«ሮጠሽ ታውቂያለሽ ግን?»

«እኔ? ደሴ እያለሁ ታክሲ እንኳ ሲያመልጠኝ ቁጭ ብዬ የሚቀጥለውን ነው የምጠብቀው።»

ልምምዷ የቤቱ ሥራ ነበር። የልብስ ቅርጫት ታቅፋ እስከ ጣሪያው ደረጃውን በሩጫ ትወጣለች፤ ጎህ ሲቀድ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ሰፈሩን ዞራ ትገባለች። ከአገር ቤት የተላከልኝን በሶ ሰጠኋት። የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመጨረሻዎቹ ሯጮች ኋላ የደከሙትን የሚሰበስብ አውቶቡስ ይከተላል፤ እሱ ውስጥ የገባ አልጨረሰም ማለት ነው።

የሩጫው ቀን የበጋው ወበቅ ለቆ ከባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ሽርጤን ሳላወልቅ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። የፊተኞቹ እንደ ንፋስ አለፉ። ከዚያ ሕዝቡ መጣ፤ ልጆቻቸውን በጋሪ የሚገፉ አባቶች፣ ፎቶ እየተነሡ የሚሮጡ ሴቶች። ቀስ በቀስ ሳሳ። ዘነበች የለችም። በመጨረሻ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ነጭ አውቶቡስ ብቅ አለ። ከፊቱ ዘነበች ብቻዋን ትመጣለች፤ በሁለት እጇ የወረቀት ኩባያ ክምር ደረቷ ላይ አቅፋ።

ምን እንደሆነች የነገረችኝ ኋላ ነው። ውኃ የሚታደልበት ጋ አንዱ ሯጭ ጠጥቶ ባዶውን ኩባያ ሲያቀብላት ተቀበለች። «እጄ ለምዶ!» አለችኝ። ሌላውም አቀበላት። መሬት የወደቁትንም ረግጣ ማለፍ ስላቃታት እየለቀመች ሄደች። ሯጭ ኩባያውን መንገድ ላይ ጥሎ እንደሚያልፍ ማንም አልነገራትም፤ እሷ ቆሻሻ መጣያ እየፈለገች ነበር።

አውቶቡሱ አጠገቧ ደረሰና በሩ ተከፈተ። ረዳቱ በእጁ «ግቢ» አላት። ዘነበች በሩን አየችው። እግሯ ዘገየ።

«ዘኒ! ጣይው!»

የጮኽኩት እኔ ነበርኩ። ድምፄን አላወቅሁትም።

«የት ልጣለው?» አለች እያለከለከች።

«መሬት ጣይው! እኔ አነሣዋለሁ! ጁምዓሽ፣ ዘኒ፣ ጁምዓሽ!»

እጆቿን ዘረጋች። ኩባያዎቹ በአስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ። ያኔ፣ ሳላስበው፣ እልል አልኩ። መጀመሪያ ተሰባበረብኝ፤ ከዚያ ቀና። እልልታ የሰማች ሴት ደግሞ ዝም ማለት አትችልም። ከጎናችን ካለው ፎቅ በር ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት የአገሬ ልጆች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ መለሱልኝ። ከላይ ከፀጉር ቤቱ መስኮት አንዲት ልጅ ቀለም የነካው ጓንቷን እያወዛወዘች ተቀበለች።

«ማናት ያገባችው?» ብላ ጮኸች።

«ማንም አላገባም! ልጅቷ እየሮጠች ነው!»

«እሰይ! እልልልል!»

ዘነበች ቀሚሷን እንደምትሰበስብ ሴት ወገቧን ይዛ ሮጠች። አውቶቡሱ በሩን ዘጋ። እኔ ጎንበስ ብዬ ኩባያዎቹን ለቀምኩ፤ ስትጨርስ ሳላያት ቀረሁ።

ከሰዓታት በኋላ ሜዳሊያዋን አንግታ ከማዳሟና ከልጆቹ ጋር ካፌው መጣች። ማዳም ራሷ የሮጠች ይመስል «ዘነበቻችን ጨረሰች!» እያለች ላገኘችው ሁሉ ትናገራለች። ዘነበች ግን ጊዜ አላጠፋችም። በሰው ሁሉ ፊት፣ «ማዳም፣ ጁምዓስ?» አለቻት።

ማዳም ሳቀች። «ኻላስ፣ አለቀ፣ ጁምዓ ያንቺ ነው።» ቃሏንም ጠበቀች።

በሚቀጥለው ዓመት እነዚያ የጽዳት ሠራተኞች ጓደኞቻቸውን ይዘው መታጠፊያው ላይ ጠበቁኝ። ከዚያ ወዲህ ከሚሽሪፍ ሰፈርም ከባያንም ፈቃድ ያገኙት ይመጣሉ፤ ያላገኙት በስልክ ድምፃችንን ይሰማሉ። እልል የምንለው ለፊተኞቹም ነው፤ አውቶቡሱ ሲቃረብ ግን ድምፃችን እጥፍ ይሆናል። ማንነታቸውን የማናውቃቸው፣ ቋንቋችንን የማይሰሙ፣ ጉልበታቸው ያለቀ ሰዎች ሲደርሱብን ቀና ብለው ሲያልፉ አይቻለሁ። የአገሩ ሴቶችም አጠገባችን መቆም ጀምረዋል። እልልታቸው ከእኛ ይለያል፤ አብሮ ሲወጣ ግን ይገጥማል። የሚጀምረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሌላ ጊዜ ትእዛዝ ስቀበል እንኳ «ምን አልሽ?» የምባለው እኔ።

ዘነበች ዛሬም በየዓመቱ ትሮጣለች፤ አንድም ዓመት አልፈጠነችም። እኛ ጋ ስትደርስ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ባዶ መሆናቸውን ታሳየናለች። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ምሁሯ፣ ነገ እጄን አይተሽ ነው የምትጀምሪው፤ ሰምተሻል? ባዶ ካልሆነ እልልታ የለም!»

ሰምቻለሁ። አንድ ትልቅ ፌስታል አጥፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ። ኩባያዎቹን ማንሣት የእኔ ድርሻ ነው፤ ያን ዕለት በሻርቅ መንገድ መካከል፣ ጮክ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።